ሳውል በደማስቆ ስሙን አልለወጠም

ውድ አገልጋዮች፣ ከኩታበር ሙስሊም ቤተሰብ የመጣ ወጣት ልጠመቅ ቢላችሁ፣ አስቀድማችሁ «አዲስ ስም ምረጥ» ትሉታላችሁን? ብዙዎቻችን «ሳውል ሲያምን ጳውሎስ ሆነ» ብለን እንሰብካለን። ቃሉ ግን እንዲህ አይልም። ሳውል ከተጠመቀ በኋላም (ሐዋ. 9፥18) ሳውል ይባላል፤ ጳውሎስ የሚለው ስሙ የሚጠቀሰው ቆይቶ፣ በቆጵሮስ ሲያገለግል ነው (13፥9)። አጵሎስና አፍሮዲጡም ከአፖሎና ከአፍሮዲቴ፣ ከግሪክ ጣዖታት፣ የተወሰደ ስማቸውን እንደያዙ ጌታን አገልግለዋል። አብራምንና ስምዖንን በአዲስ ስም የጠራቸው ደግሞ ጌታ ራሱ እንጂ አጥማቂ አይደለም።

የአካባቢያችን ታሪክም ያስጠነቅቀናል። በ1870 ዓ.ም. ከኩታበር ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ። በዐዋጁ ከተጠመቁት ብዙዎች ግን በስውር በቀድሞ እምነታቸው ጸኑ። ስም በትእዛዝ ይለወጣል፤ ልብ ግን አይለወጥም።

ወጣቱ ወድዶ ሚካኤልን ቢመርጥ መልካም ነው። ትርጉሙን አስተምሩት፦ በዕብራይስጥ ሚ «ማን»፣ ካ «እንደ»፣ ኤል «አምላክ» ነው፤ «እንደ አምላክ ያለ ማን ነው?» «ማይክል» ብለን ስንጠራው ይህ ጥያቄ ከጆሮ ይጠፋል። የቀድሞ ስሙን ማቆየት ቢፈልግ ግን እናቱ በምትጠራው ስም አጥምቁት። ወደ ቤቱ ተመልሶ ስለ ክርስቶስ የሚመሰክረው በዚያው ስም ነውና።