ሥራ ያረመው ልጅ፤ ስለ «ቆራጥ ካፒቴኖች» ልብ ወለድ

ለወጣቶች በሚጻፉ የምግባር ልብ ወለዶች ዘንድ ዘወትር የሚታየው ድክመት፣ ባለታሪኩ የሚለወጥበት ምክንያት በውል አለመገለጡ ነው። ልጁ ይመከራል፤ ይጸጸታል፤ መጽሐፉም በዚያው ያበቃል። እንግሊዛዊው ደራሲ ሩድያርድ ኪፕሊንግ እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመው፣ በአማርኛ «ቆራጥ ካፒቴኖች» ሊባል የሚችለው ልብ ወለድ ግን ይህንኑ ምክንያት ደረጃ በደረጃ ስለሚያሳይ የመምህራንን ትኩረት ይሻል።

ባለታሪኩ ሃርቪ ቼይን የአንድ አሜሪካዊ የባቡር ሐዲድ ከበርቴ የ15 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ስታቀማጥለው፣ አባቱ ደግሞ ሀብት በማካበት ተጠምዶ ሳለ በማደጉ፣ ሰው ሁሉ እርሱን ለማገልገል የተፈጠረ ይመስለዋል። ወደ አውሮፓ ሲጓዝ ከመርከብ ላይ ባሕር ውስጥ ይወድቃል፤ ማኑኤል የተባለ ፖርቱጋላዊ ዓሣ አጥማጅም ያድነዋል። የአጥማጆቹ አዛዥ ዲስኮ ትሩፕ ልጁ ስለ አባቱ ሀብት የሚናገረውን አያምንም። ወደ ኒውዮርክ በመመለስ ፈንታ በወር 10 ዶላር ተኩል እየተከፈለው እንዲሠራ ያዝዘዋል።

ሃርቪ ገንዘቤን ተሰረቅሁ ብሎ አዛዡን በወነጀለ ጊዜ፣ ዲስኮ አፍንጫውን በቡጢ ይመታዋል። የልጁን መለወጥ ከዚህ ቡጢ የመጣ አድርጎ የሚተረጉም መምህር ግን መጽሐፉን በቅጡ አላነበበም። ሃርቪን ይቅርታ ወደ መጠየቅ የሚያደርሰው ከአዛዡ ልጅ ከዳን ጋር የሚያደርገው ንግግር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ስለሚደነግግ፣ ይህ ክፍል በተለየ ጥንቃቄ መነበብ ይገባዋል።

እውነተኛው መምህር የጋራ ሥራ ነው። ዓሣው ሲዘጋጅ አንዱ ይቆርጣል፤ ሌላው ይሰነጥቃል፤ ሌላው በጨው ያሽጋል። አንዱ ቢዘገይ የሁሉም ሥራ ይስተጓጎላል። ስለዚህም ሃርቪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሚያስፈልግ ሰው ይሆናል። ቤተሰቡን በጎርፍ አጥቶ አእምሮው የታወከው ፔን ደግሞ ከራሱ ሌላ የሰው ሐዘን መኖሩን ያስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 የተሠራው ፊልም ማኑኤል እንዲሞት በማድረግ የለውጡን ምክንያት ከሥራ ወደ ሐዘን አዛውሮታል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ማኑኤል አይሞትም።

ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ፍጻሜ ጥያቄ ያስነሣል። አባትየው ልጁን ካገኘ በኋላ ሃርቪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ የመርከብ ድርጅትም ይጠብቀዋል። ሥራውን ያስተማረው ዳን ግን በዚያው ድርጅት መርከብ ላይ ተቀጣሪ ይሆናል። የመርከቡ ወጥ ሠሪም ሃርቪ አንድ ቀን የዳን ጌታ እንደሚሆን አስቀድሞ ተንብዮ ነበር። ደራሲው ይህን እንደ መልካም ዕድል ያቀርበዋል እንጂ አይመረምረውም። በዚህም የልጁ ጠባይ ሲለወጥ የሀብቱ ሥርዓት እንዳለ ይቀራል፤ ትሕትናም ለተሻለ ጌትነት መሰናጃ ትመስላለች።

መጽሐፉ ይህ ጉድለት ስላለበት ከክፍል ሊገለል አይገባውም። ይልቁንም ተማሪዎች ሃርቪ ምን እንደ ተማረ ብቻ ሳይሆን፣ ያስተማሩት ሰዎች በምላሹ ምን እንዳገኙም እንዲጠይቁ ቢደረግ፣ ንባቡ ከምክርነት አልፎ የማመዛዘን ልምምድ ይሆናል።