ግዝትና ወጥመድ፦ የጎንደር መጻሕፍት በጀብዱ ጨዋታዎች ፊት

የጀብዱ ጨዋታ፣ ማለትም ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ እየመራ ያልታወቀ ስፍራ የሚያስስበትና እንቆቅልሽ የሚፈታበት የቪዲዮ ጨዋታ ዓይነት፣ ጥንታዊ ቤተ መጻሕፍትን አዘውትሮ የሚሥለው በወጥመድ የታጠረ የሀብት ጎተራ አድርጎ ነው። በ1996 (በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ቱም ሬይደር እግር ሲያርፍበት የሚደረመስ ወለልን፣ ሹል ነገር የተተከለበት ጉድጓድንና የሚንከባለል ቋጥኝን የዘርፉ መለያ አድርጎ አጸናቸው፤ በ2007 የተጀመረው አንቻርትድም ያንኑ ፈለግ ተከተለ። በእነዚህ ሥራዎች የመግባት መብት የሚረጋገጠው በቅልጥፍና በመሆኑ፣ ወጥመዱን ያለፈ ሁሉ ያገኘውን ማንሣት እንደሚገባው ጨዋታው በግልጽ ሳይናገር ያስተምራል፤ መጽሐፉም ከመነበቡ ይልቅ መወሰዱ ይቀድማል። ይህ ሕግ ከወሳጁ ወገን ሆኖ የተጻፈ ነው፤ የጎንደር መጻሕፍት ታሪክም ይህንን በጉልህ ያሳያል።

በጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ (1667–1682) ቤተ መጻሕፍት የሚባለው አራት ማዕዘን ሕንጻ፣ ጣሊያኖች በእድሳት ጊዜ ልስን ቢያለብሱትም፣ እስከ ዛሬ ቆሟል። ይሁንና የከተማዋ መጻሕፍት ዋና መኖሪያ ቤተ መንግሥቱ ሳይሆን የአድባራቱ ዕቃ ቤት፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ንዋያት የሚጠበቁበት ክፍል ነበር። ብራናው ማኅደር በሚባለው የቆዳ ከረጢት ገብቶ ከግድግዳ ይንጠለጠላል፤ ኃላፊነቱም የንብረት አስተዳዳሪ በሆነው በገበዙና በዕቃ ቤቱ ጠባቂ ላይ ያርፋል። ከቁልፉ በላይ ግን መጽሐፉን የሚጠብቀው ግዝት ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ የሚጻፍ፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል ነው።

ግዝቱን ቀረብ ብሎ የመረመረ ሰው፣ የሌብነትን ስልት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ይገነዘባል። የሚያወግዘው የሰረቀውንና የቀማውን ብቻ አይደለም፤ የፋቀውንም ነው። ብራና በካራ ሊፋቅ ስለሚችል፣ ሌባ የባለቤቱን ወይም የደብሩን ስም ፍቆ በስፍራው ሌላ ስም ያስገባል፤ የተፋቀ ስም በሌላ እጅ ጽሕፈት ተተክቶ የሚታይባቸው ብራናዎችም ጥቂት አይደሉም። እንግዲህ ግዝቱ ሁልጊዜ አልተከበረም። የጨዋታው ቋጥኝ ያገኘውን ሁሉ ሲጨፈልቅ፣ ግዝት የሚሠራው አንብቦ በሚያምን ሰው ኅሊና ውስጥ ብቻ ነው፤ የማኅበረሰቡን አንባቢ እንጂ መጽሐፉን እንደ ዕቃ የሚያየውን እንግዳ አያስቆምም። (በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የታደጋት የንብ መንጋ ነው የሚለው የከተማዋ ትውፊት ለጨዋታው ወጥመድ የሚቀርብ ቢመስልም፣ ትውፊቱ ጥበቃውን የሚሰጠው ለሰው ጥበብ ሳይሆን ለሰማይ ነው።)

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎችን ይዞ ሄደ፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ የሰበሰባቸው ከ200 በላይ ብራናዎች ዛሬ በፓሪስ ይገኛሉ። ከባድ ጉዳት ግን ከአገር ውስጥም መጥቷል። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን አስዘርፈው የአድባራቱን መጻሕፍት መቅደላ ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አጋዙ፤ የንጉሡ ዓላማ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም ቢሆንም፣ ለተዘረፉት ደብሮች ድርጊቱ ያው ዝርፊያ ነበር። በሚያዝያ 1868 መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭኖ በደላንታ ሜዳ ለሁለት ቀን በሐራጅ ሸጠ፤ 350 ያህል ብራናዎችም ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በ1932 ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ቡድን የጎንደርን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ በቅጂ ተካቸው። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም የተወዛወዘ ስለት አላጋጠመውም፤ መንገዱን የከፈቱት ገንዘብ፣ ሥልጣንና ጠመንጃ ናቸው። ጨዋታዎቹ በወጥመድ ብዛት የሚሸፍኑት ይህንኑ ነው፤ ሟች ሠሪዎች ያኖሩትን ወጥመድ በማጉላት ሕያዋን ጠባቂዎችን ከሥዕሉ ያጠፋሉ።

በዘርፉ እምብዛም የማይታይ አንድ ምዕራፍ አለ፤ እሱም መመለስ ነው። አፄ ዮሐንስ ራብዓዊ በ1872 በደብዳቤ ጠይቀው ክብረ ነገሥትን ከለንደን አስመልሰዋል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የመልእክተኛ ጉዞ፣ ድርድርና ውጤት ሁሉ ስላለ ለጀብዱ ጨዋታ የሚጎድለው ነገር የለም። አሳሲንስ ክሪድ የተባለው ተከታታይ ጨዋታ በ2018 ባወጣው ውጊያ አልባ የጥንታዊት ግብፅ ጉብኝት፣ ተጫዋች ሳይገድልና ሳይዘርፍ ጥንታዊ ስፍራን ሊያስስ እንደሚችል አሳይቷል። እንቆቅልሹም ቢሆን ከወጥመድ ሊወጣ አይገደድም፤ አንድን ንባብ «አንድም» እያለ በብዙ መንገድ የሚፈታው የጎንደር የአንድምታ ትርጓሜ፣ በሩን የሚከፍተው ለሚዘል ሳይሆን ለሚያነብ ተጫዋች ነው። ስለዚህ ጎንደርን መቼት የሚያደርጉ ኢትዮጵያውያን ጨዋታ ሠሪዎች የመጀመሪያውን ግድግዳ ከመሣላቸው በፊት ከደብሮቹ ገበዞችና ከመጻሕፍት መምህራን ጋር ሊመክሩ፣ ተጫዋቹንም ከወሳጁ ሳይሆን ከጠባቂው ወገን ሊያቆሙት ይገባል።