«የማንም ያልሆነ ምድር»፤ ስለ ቤላ ሻንጉል በተጻፉ ሁለት ሥራዎች ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ዘር መድልዎ መማር የሚፈልግ የአገራችን ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው ከባሕር ማዶ ነው። ኦላውዳ ኢኩዊያኖ በ1789፣ ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845፣ ሃሪየት ጄኮብስ በ1861 (ሁሉም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ከባርነት ወጥተው ስለ ገዛ ሕይወታቸው የጻፉትን እያነበበ ያዝናል፤ በአሜሪካ ነጮችም ላይ ይፈርዳል። መጽሐፉን ዘግቶ ሻይ ቤት ሲገባ ግን አስተናጋጁን በፊቱ ጥቍረት የተነሣ በስድብ ስም ይጠራዋል። እኛም ከዚህ ነቀፋ ነጻ ነን አንልም። ስለዚህ ከእነዚህ ጥቁር ደራስያን የተማርነውን አንድ ጥያቄ ይዘን ወደ አሶሳ ለመመለስ አስበናል። ጥያቄውም «የተሸጠው ሰው ራሱ ምን አለ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ቀላል እንዳይመስል ጄኮብስን እንመልከት። በአያቷ ቤት ጣራ ሥር ቀጥ ብላ ልትቆምበት በማትችለው ጠባብ ስፍራ ሰባት ዓመት ያህል ተደብቃ ልጆቿን በትንሽ ቀዳዳ ትመለከት ነበር። ይህን የሻጭም ሆነ የገዢ መዝገብ ሊነግረን አይችልም።

አሁን ወደ ጕዳያችን እንግባ። አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ በ1981 እ.ኤ.አ. በናፖሊ ያሳተሙት መጽሐፍ ስለ ጨው፣ ስለ ወርቅና ስለ ሥልጣን ሕጋዊነት የሚናገር ሲሆን፣ ከ1800 ገደማ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. ያለውን የቤላ ሻንጉልንና የወለጋን ታሪክ ይዟል። የቃል ታሪክን ከሽማግሌዎች ሰብስቦ ከጽሑፍ ምንጭ ጋር በማስተያየት ረገድ ደራሲው የደከሙትን ድካም የሚክድ አይኖርም። ዳሩ ግን ንዑስ አርእስታቸው ያከራክራል። አገሩን «የማንም ያልሆነ ምድር» ብለውታል። እርግጥ ነው፣ ይህን ያሉት በንቀት አይደለም። ከ1821 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሱዳን በኩል ግብጾች፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ የደጋው ገዦች እየተጫኑት ሁሉም የሚዘምትበት፣ ኃላፊነቱን ግን ማንም የማይወስድበት ወሰን መሆኑን ለማመልከት ነው። ሆኖም ስያሜው የተመልካቹን መቆሚያ ያሳብቃል። ካርቱም ወይም አዲስ አበባ ለቆመ ሰው ቤላ ሻንጉል ዳር ነው፤ ማሽላውን ለዘራበት ለበርታው ገበሬ ግን መሃል ነው። ጨው፣ ወርቅና ሥልጣን በአርእስቱ ሲደረደሩ፣ ወርቁን ከወንዝ አሸዋ ያጠበውና ራሱም እንደ ዕቃ የተለወጠው ሰው በውስጥ ገጾች ብቻ መቅረቱ ለምን ይሆን? የሥልጣን ሕጋዊነት የገዦች ጭንቀት ነው፤ የተነዳው ሰው ጭንቀት ሌላ ነበር።

ሁለተኛው ሥራ አብዱሰማድ አሕመድ በ1999 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ነው። ይህ ከ1897 እስከ 1938 እ.ኤ.አ. በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ የነበረውን የባሪያ ንግድ በስሙ ጠርቶ ይናገራል፤ ድፍረቱን እናደንቃለን። የራስ መኰንን ዘመቻ በ1890 ዓ.ም. አገሩን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ካስገባ በኋላ ንግዱ እንዳልቆመ፣ ከደጋ የመጡ ሹማምንትም ሆኑ የአካባቢው ገዦች እጃቸው እንደነበረበት እንማራለን። ባርነትን የሚከለክል ሕግ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ባርነትን ጨርሶ የሻረው ዐዋጅ የወጣው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ላይ ከአሜሪካ የተዋስነው መስተዋት ይጨልምብናል። የአሶሳው ገዥ ሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን ነጭ አልነበሩም፤ ደገኛም አልነበሩም። ከሱዳን ነጋዴዎችና ከበርታ ሴቶች ከተወለዱት ዋጣዊጥ ከሚባሉት ወገን ነበሩ፤ ለአዲስ አበባም ወርቅ ይገብሩ ነበር። ስለዚህ የዳግላስን መጽሐፍ እንዳለ ገልብጠን «ቀይ ጨቋኝ፣ ጥቁር ተጨቋኝ» ብንል ታሪኩን እናበላሻለን። (የሼኩ ስም በመዲናችን ሸጎሌ በተባለው ሰፈር እስከ ዛሬ አለ። ከአገራቸው ተነድተው በመሃል አገር ማድቤትና ግቢ የቀሩትን ሰዎች ስም የያዘ ሰፈር ግን እኛ አላየንም።)

ይሁንና የቆዳ ቀለም ጕዳዩ አይደለም ማለትም ሐሰት ነው። «ሻንቅላ» የሚለው ቃል አንድም ሕዝብ ለራሱ ያወጣው ስም አይደለም፤ በርታውን፣ ጉሙዙን፣ ማኦውንና ኮሞውን በጥቍረቱ ጠቅልሎ ለመናቅ ደገኛው የተጠቀመበት ነው። ዛሬም በክልሉ መጤውን «ቀይ»፣ ነባሩን «ጥቁር» ማለት የተለመደ ነው። በ2011 እና በ2014 ዓ.ም. መካከል በመተከል በደረሰው እልቂት ሰው በእንዲህ ያለ መለያ እየተለየ ሲገደል፣ አማራው፣ ሺናሻው፣ አገው፣ ኦሮሞውና ጉሙዙም ሙታኑን ቀብሯል። የንቀት ስም የማንም ወገን ብቻ ሀብት ሆኖ አልቀረም።

ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ አዲስ አበባ የመጡ ተማሪዎች ለቀደሙት የኮሌጁ ተማሪዎች አፍሪካዊነትን እንዳስተማሯቸው ይነገራል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥቁር ወንድምን ለማወቅ ከናይሮቢ የሚመጣ እንግዳ መጠበቅ ያስፈልግ ነበርን? ጉባና ማንዱራ ከዚያ ይቀርቡ ነበር።

ለጥናታችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የአረጋውያኑ ቃል በበርታና በጉሙዝ ቋንቋ እንደ ተነገረ ይጻፍ፤ የአማርኛው ትርጕም ከጎኑ ይቀመጥ። በዚህ ረገድ በመካከላችን ክርክር ተነሥቷል። ተናጋሪው ስለ አያቱ ሲያወራ «ባሪያ» የሚለውን ቃል ቢጠቀም፣ ከእኛ ግማሾቹ «በለዘበ ቃል ይተርጐም» ይላሉ። እኛ ግን አንስማማም፤ ቃሉ ሳይለዝብ ይጻፍ፣ ማን እንደዚያ ብሎ እንደ ጠራቸውም ተናጋሪው ይጠየቅ እንላለን።