የነፋስ ወፍጮ አሠራርና የመነሻው ክርክር

ስለ ነፋስ ወፍጮ ታሪክ ከተጻፈው ብዙው በአንድ ጥያቄ ይጀምርና በዚያው ያልቃል፤ ይኸውም «ማን ከማን ወሰደው?» የሚለው ነው። ወፍጮው በምሥራቅ ቀድሞ ስለ ታየ፥ አውሮፓውያንም በመስቀል ጦርነት ወደ ምሥራቅ ስለ ዘመቱ፥ ዘማቾቹ ጥበቡን ይዘው ተመለሱ የሚለው ትረካ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሸጋገር ኖሯል። በበኩሌ ይህ መሣሪያውን ሳይመረምሩ የተሰጠ ፍርድ ነው እላለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምሥራቁ ወፍጮ ቀዳሚነት አያጠራጥርም። በ10ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ሊቅ አል መስዑዲ፥ ኢራንና አፍጋኒስታን ዛሬ በሚዋሰኑበት በሲስታን ምድር በነፋስ የሚዞር ወፍጮ እንደ ነበረ መስክሯል። በኢራን በኮራሳን አውራጃ፥ በናሽቲፋን የቆሙት አሮጌ ወፍጮዎችም አሠራሩን ያሳዩናል። ምሰሶው እንደ እንዝርት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የእንጨት ክንፎቹ በዙሪያው ተተክለዋል፤ የጭቃው ግንብ ነፋሱን በአንድ ወገን ብቻ ያስገባዋል፤ የላይኛው ድንጋይም ከምሰሶው ጋራ ተያይዞ ያለ ጥርሳም መንኰራኵር ይዞራል። ግንቡ ከቦታው አይነቃነቅም፤ መነቃነቅም አያሻውም። «የመቶ ሃያ ቀን ነፋስ» የሚባለው ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ድረስ ከሰሜን ወገን ይነፍሳልና።

የሰሜን ምዕራብ አውሮፓው የእንጨት ወፍጮ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። በእንግሊዝ አገር በፒትስቶን የሚገኘውን፥ በእንጨቱ ላይ 1627 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን ወፍጮ እንመልከት። ሁለት ታላላቅ አግዳሚዎች በመስቀል ተጋድመዋል፤ በላያቸው የቆመውን ወፍራም ምሰሶ ሰያፍ እንጨቶች ከየወገኑ ደግፈው ይዘውታል። የወፍጮው ቤት ከነድንጋዩ፥ ከነመንኰራኵሩና ከነእህሉ በዚህ በአንድ ምሰሶ ራስ ላይ ተሸክሞ ይኖራል። ነፋሱ አቅጣጫውን በለወጠ ጊዜ ባለወፍጮው ከቤቱ ጀርባ የወጣውን ረዥም ግንድ እየገፋ ቤቱን በሙሉ ወደ ነፋሱ ይመልሰዋል። ክንፎቹን የያዘው ወራጅ እንደ ምሥራቁ ቀጥ ብሎ የቆመ ሳይሆን፥ ፊቱን ጥቂት ቀና አድርጎ የተጋደመ ነው። ስለዚህ ዙረቱን ወደ ድንጋዩ ለማድረስ የእንጨት ጥርስ ያላቸው መንኰራኵሮች ግድ ሆኑ፤ ከጥርሶቹ አንዱ ቢሰበር ብቻውን ነቅሎ መተካት ይቻላል።

እንግዲህ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነፋስና ድንጋይ ብቻ ነው። ምሰሶው፥ ወራጁ፥ ግንቡ፥ የመዞሩ ሥርዓት ሁሉ ይለያያል። ይህም ልዩነት ከየአገሩ ነፋስ የመጣ ነው። አንዱ ሕዝብ የታመነ ነፋስ ስላለው ግንብ ሠራ፤ ሌላው ነፋሱ ስለማይታመን ቤቱን አዞረ።

ጽሑፍም ቢጠየቅ ትረካውን አያጸናም። በእንግሊዝ አገር ስለ ነፋስ ወፍጮ ከሚናገሩት ጥንታውያን መዛግብት አንዱ በ1185 የዊድሊን ወፍጮ ኪራይ የመዘገበው ነው። መዝገቡ ቴምፕላር የሚባሉት የመስቀል ጦረኞች ማኅበር ስለ ሆነ፥ ተከራካሪው ይህን ለራሱ ምስክር አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ዳሩ ግን የሦስተኛውን ዘመቻ ታሪክ የጻፈው አምብሯዝ በሶርያ ምድር የመጀመሪያውን የነፋስ ወፍጮ የሠሩት ጀርመናውያን ዘማቾች እንደ ሆኑ ይተርካል፤ በእርሱ አነጋገር ጥበቡ የሄደው ወደ ምሥራቅ ነው።

ለመስፋፋቱ ሌላ ምክንያት ደግሞ በ1191 በቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ከሆነው ነገር እንረዳለን። ሄርበርት የተባለ ካህን የነፋስ ወፍጮ ቢያቆም፥ አበምኔቱ ሳምሶን የገዳሙ ወፍጮዎች ገቢ ይጐድላል ብሎ እንዲፈርስ አዘዘ። ሄርበርት የነፋስ ጥቅም ለማንም ሊከለከል አይገባም ብሎ ቢከራከርም አልተሰማለትም፤ ወፍጮውንም ራሱ አፈረሰው። ወንዙ ባለቤት ነበረው፤ ነፋሱ ግን ገና አልተያዘም ነበር። ከዘማች ሻንጣ ይልቅ ይህ ክርክር ስለ ወፍጮው ብዙ ይነግረናል።

ሐሳብ ከአገር ወደ አገር አይጓዝም አልልም፤ ነፋስ ድንጋይ ማዞር መቻሉን የሰማ ጠራቢ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ወሬ መስማትና ወፍጮ ማቆም አንድ አይደሉም። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀሩ በየጊዜው ለባዕድ እጅ ሲሰጡ ለምናየው ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። የባህል ተማሪ «ከየት መጣ?» ከማለቱ በፊት «እንዴት ይቆማል? ለምንስ እንዲህ ሆኖ ተሠራ?» ብሎ እንጨቱን ይጠይቅ።