ከዛፍ ጉጥ የተፈለፈለች ኩባያ

የፊንላንድ ላፕላንድ ወደ 100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ነዋሪው ግን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሁለት ሰው እንኳ አይደርስም። እዚያው በሚገኘው፣ ከ3,000 በላይ ደሴቶች ባሉት በኢናሪ ሐይቅ ትራውት ዓሣ ሊያጠምድ የሚወጣ ሰው የረሳውን የሚያውሰው ጎረቤት አያገኝምና ዕቃውን መርጦ ይይዛል። ከቀበቶው ላይ ግን አንዲት የእንጨት ኩባያ አትጠፋም። ፊንላንዶች ኩክሳ፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ሳሚዎች ደግሞ ጉክሲ ይሏታል።

ኩክሳ ከቀጥተኛ ግንድ አትወጣም። ልጡ ነጭ በሆነው በርች ዛፍ ላይ አልፎ አልፎ ጉብ ያለ ጉጥ ይበቅላል። ሳንቃ ለሚሰነጥቅ አናጺ ይህ እንከን ነው፤ ኩክሳ ሠሪ ግን ጫካ ለጫካ የሚዞረው እሱን ፍለጋ ነው። የተራ እንጨት ጅማት በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ሲደርቅ በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። የጉጡ ጅማት ግን ተጠማዝዞና ተጠላልፎ ስላደገ ስንጥቅ የሚሄድበት ቀጥ ያለ መንገድ የለውም። የኩክሳ ግድግዳ ሳስቶም የሚጸናው በዚህ ነው።

ሠሪው እርጥቡን ጉጥ በመጥረቢያ መልክ ያስይዝና ውስጡን በቆልማማ ቢላ ይፈለፍላል። ከዚያ በኋላ አይቸኩልም። ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ከደረቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል፤ ስለዚህ አንዳንዱ በጨው ውሃ ይቀቅላታል፣ ሌላው ጥላ ውስጥ አስቀምጦ እርጥበቷ በዝግታ እንዲወጣ ይጠብቃል።

ዓይን ማረፍ ያለበት መያዣው ላይ ነው። ተለጥፎ የተሠራ አይደለም፤ ከኩባያው ጋር አንድ እንጨት ነው። ጫፉ ላይ አንዳንዴ የሰሜን አጋዘን ቀንድ ይገጠምና ቀጫጭን ጌጥ ይቀረጽበታል። ቀንዱና እንጨቱ የሚገናኙበት መስመር ጥፍር ካልያዘ ሠሪው እጁ የተፈታ ባለሙያ ነው። ሁለት ኩክሳዎች አይመሳሰሉም፤ የቅርጻቸውን ግማሽ የወሰነው ጉጡ ነውና።

በከባድ ውርጭ የብረት ኩባያ ከንፈር ላይ ይጣበቃል፤ ትኩስ ሲቀዳበት ደግሞ ያቃጥላል። እንጨት ሙቀትን ቶሎ ስለማያስተላልፍ ከሁለቱም ያድናል። ፊንላንዶች በነፍስ ወከፍ ብዙ ቡና ከሚጠጡ የዓለም ሕዝቦች ተርታ ናቸውና ኩክሳም አብዛኛውን ጊዜ የምታስተናግደው ቡና ነው። እንደ ጀበና ሁሉ ሳሙና አይነካትም፤ በውሃ ብቻ ትለቀለቃለች፣ ቡናውም ቀስ በቀስ ያጠቁራታል።

በቱሪስት ሱቅ የሚደረደሩት ብዙዎቹ በማሽን የተጠረቡ ናቸው። ጅማታቸው ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ይላል፤ ወፍራም ቫርኒሽም ይሸፍናቸዋል። ገዢ ጌጡን ትቶ ከንፈር የሚያርፍበትን ጠርዝ በጣቱ ይዳስስ፣ ክብደቷን በእጁ ይመዝን፣ የጅማቷን ጥምዝ ብርሃን ላይ ይመልከት። ይህን ፈተና ያለፈችው ርካሽ አትሆንም፤ የፍለጋው እንግልትና የማድረቁ ትዕግሥት በዋጋዋ ውስጥ ተቆጥረዋል።