የጌዴዎን ጠልና የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»

በጎንደር ተወልዶ ኑሮውን በአሜሪካ ሀገር ያደረገው ኃይሌ ገሪማ ያዘጋጀው «ጤዛ» የተባለው ፊልም በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ ከተማ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰትን ሽልማት፥ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ ታላቁን የአፍሪቃ ሽልማት ተቀበለ። ስሙ ግን ከሽልማቱ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ነው። ሰሙ በሣር ላይ የሚያድር የማለዳ ርጥበት ሲሆን፥ ወርቁ ቀን ሳይወጣለት የሚጠፋው የወጣት ዕድሜ ነው።

አንበርብር በጀርመን ሀገር ሕክምና ተምሮ፥ በ1967 ዓ.ም. ወታደሩ መንግሥቱን ከያዘ በኋላ ሕዝቡን ሊጠቅም ተመለሰ። ወዳጁ ተስፋዬ ተገደለበት፤ እርሱም በጀርመን ጥቁር ሰው በሚጠሉ ሰዎች እጅ እግሩን አጥቶ በ1982 ዓ.ም. ወደ እናቱ መንደር ገባ። በዚያም ልጆቹ ከአፈሳ ሸሽተው በዋሻ ተሸሽገው አገኛቸው።

ይህ ነገር በንፋስ መውጫ ሐተታ አያሻውም። የ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ላለው ሰው የወጣ ነበር፤ አፋሹ ግን የልጁን ቁመት እንጂ ዕድሜውን አልጠየቀም።

ጌዴዎን ሕዝቡን ወደ ጦርነት ከመምራቱ አስቀድሞ በፀምር ላይ የሚወርድ ጠልን ምልክት አድርጎ ለመነ፤ አንድ ሌሊት አልበቃውምና በሁለተኛው ሌሊት ደገመ። ሠራዊቱም በተሰበሰበ ጊዜ የፈራ ይመለስ ተብሎ ቢታወጅ 22 ሺህ ሰው ተመለሰ፥ 10 ሺህ ቀረ። ከተመለሱት አንዱን ስንኳ ያሳደደ የለም። የደርግ አለቆች ግን ምልክት ሳይለምኑ ዘመቱ፤ የፈራውንም ልጅ ከዋሻ ጎትተው አወጡት። ደራሲው ባያስበው እንኳ ስሙ ይህን ኅብር ይሸከማል።

ኃይሌ ፍርዱን በወታደሩ ላይ ብቻ አልጣለም። በባዕድ ሀገር ተቀምጠው በመጽሐፍ ቃል እየተከራከሩ ለባላገሩ መንገድ ሊያወጡለት የሚቸኩሉትን ተማሮች አብሮ ከሰሳቸው፤ ከነዚያ ሁሉ ባላገሩን የጠየቀ አልነበረምና። የፊልሙ ብርታት በዚህ ላይ ነው።

ነቀፋም አለው። 140 ደቂቃ ሙሉ ዘመንን እያፈራረቀ ስለሚሄድ ተመልካቹ የቱ ቀድሞ የቱ እንደ ተከተለ ለመለየት ይደክማል፤ የአንበርብር ትዝታ የተሰባበረ ስለ ሆነ ነው ቢባል ግን ይቅር የሚባል ነው። አንበርብርን ወደ ጠበል የወሰዱበትም ክፍል ለቸኮለ ተመልካች የሕዝቡ አለማወቅ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ልጇ ሌሊት በቅዠት እየጮኸ የሚባንንባት እናት፥ መንግሥቱም አማፅያኑም ደጇን ከበው ሳለ፥ ሌላ ወዴት ትውሰደው?