ምልክቱ ሙሉ ነው

እናቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አሜሪካ ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ ታወራለች። የቤታችን ወግ ነው፤ ቡናውም የሚፈላው ያኔ ነው። ድሮ ሳሎን ቁጭ ብላ ነበር የምታወራው። ጉልበቷ ሲያስቸግራት ወሬው ወደ ክፍሏ ገባ፤ እዚያ ደግሞ ዋይፋዩ አይደርስም። እኔ ልጇ ምን ሠርቼ! ሜሽ የሚባለውን ገዛሁላት።

ለማያውቀው ሰው፣ ሜሽ ማለት ሁለት ሦስት ሣጥን ነው። አንዱ ሳሎን ከመስመሩ ጋር ይታሰራል፤ ሌሎቹ በየቦታው ተቀምጠው ያለ ሽቦ እየተቀባበሉ ቤቱን ያዳርሳሉ። ሁለተኛውን ሣጥን እናቴ ራስጌ፣ ሦስተኛውን ሰርቪስ ቤት አስቀመጥኩ። የሌለበት ቦታ ማስቀመጥ ነዋ! ወዲያው የስልኩ ምልክት በየክፍሉ ሙሉ ሆነ። ተመረቅሁ።

ምን ዋጋ አለው፤ እህቴ ገና «እማዬ» ብላ ሳትጨርስ አፏን እንደከፈተች መድረቅ ጀመረች። እናቴ ስልኩን አገላብጣ ታየውና «ይቺ ልጅ እኔን ማናገር ሰልችቷታል» ትላለች። ኔትወርኩ ነው ብንላት አታምንም። እንዴት ትመን? ምልክቱ እኮ ሙሉ ነው።

እኔም እንደ ደንባችን ጥፋተኛ ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ የወነጀልኩት ኢንተርኔት የሚሸጥልንን ድርጅት ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ታክሲ ውስጥ ብታነሡት ረዳቱም ይስማማል። ግን ደውዬ ተሰለቸሁ። ቀጥዬ ዓይኔን የጣልኩት የቤት ሠራተኛችን ላይ ነው። «ይቺ ልጅ ማታ ማታ ቪዲዮ እያየች ጨርሳው ነው» አልኩና ሳልነግራት የይለፍ ቃሉን ቀየርኩት። አንድም ቀን «ምነው?» አላለችኝም። እህቴም መድረቋን አልተወችም። የይለፍ ቃሉን ግን አልመለስኩላትም፤ መመለስ ማለት መሳሳቴን ማመን ነዋ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የጎረቤት ልጅ መጣ። ሣጥኖቹን እንኳ ሳያይ ላፕቶፑን በኬብል ዋናው ላይ ሰካ። የምንከፍለው ለ20 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው፤ 19 አሳየ። «ጋሼ፣ ድርጅቱን ይቅር ይበሉት» አለኝ። ከዚያ ስልኩን ይዞ ቤቱን ዞረ። ሳሎን 18፤ እናቴ ክፍል፣ ምልክቱ ሙሉ በሆነበት፣ 1 ብቻ።

ለካ ያ ምልክት የሚናገረው ስልኩ አጠገቡ ካለው ሣጥን ጋር ምን ያህል እንደሚሰማማ ብቻ ነው። ሣጥኑ ራሱ ከሳሎን ምን እንደሚደርሰው አይናገርም። የእናቴን ሣጥን ከሳሎኑ የሚለዩት ሁለት የብሎኬት ግድግዳና ባለ ትልቅ መስተዋት ቁም ሣጥን ናቸው። የሰርቪሱ ሣጥን ደግሞ ከላሜራ በር ጀርባ ነው። ፈጣኑ የ5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ግድግዳ ይረታዋል፤ የ2.4ቱ ይሻገራል፣ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ከጎረቤት ዋይፋይና ከማይክሮዌቭ ጋርም ይጋፋል። በዚያ ላይ እንደኛ ያሉት ርካሽ ሣጥኖች የሚቀበሉትም የሚያቀብሉትም በአንድ ሬዲዮ ስለሆነ በየቅብብሉ አቅማቸው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ራሱ በቅጡ ያልሰማ ሣጥን ለሌላው ምን ያሰማል?

ልጁ የእናቴን ሣጥን አውጥቶ ኮሪደሩ ላይ፣ ሳሎኑን በደንብ ከሚሰማበት ቦታ አስቀመጠው። የሰርቪሱን በኬብል አሰረው። ሥራ ፈትቶ ሲያሰራጭ የነበረውን የአሮጌውን ራውተር ዋይፋይም አጠፋው። እናቴ ክፍል ምልክቱ በአንድ ቀነሰ፤ ፍጥነቱ 15 ገባ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንዳንድ ቢሮ ስገባ ይህ ሣጥን ትዝ ይለኛል። ቅርንጫፉ ሰፈራችን ድረስ መጥቷል፤ ወንበሩ አዲስ፣ ተራ የሚጠራው ማሽን ፈረንጅኛ የሚችል፣ ሠራተኛዋ ትሑት ናት። ጉዳይህን ስትነግራት «ከላይ ጠይቀን እናሳውቅዎታለን» ትላለች። ከላይ ደግሞ አይሰማም። በሪፖርት ግን አገልግሎቱ ለኅብረተሰቡ ቀርቧል፤ ምልክቱ ሙሉ ነው። እኛም የምንቆጥረው ስንት ሣጥን እንደተተከለ ነው። ሣጥኑ ከዋናው ጋር ይሰማማል ወይ ብሎ የሚለካ የለም።

ከዚህ የባሰው ግን ጥፋተኛ አፈላለጋችን ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይባላል። ድርጅቱን አልቻልኩትም፤ ራሴን መጠርጠር ደግሞ አልፈለግሁም። መልስ የማትሰጠኝ አንዲት ልጅ ቤቴ ውስጥ ነበረች። ያለ ጥያቄ፣ ያለ ማስረጃ ቆረጥኩባት። ኬብሉን ሰክቶ መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ እኔ ግን ከመለካት መፍረድ ቀለለኝ። በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ሲበላሽ መጀመሪያ ዘበኛውና ተላላኪው የሚጠሩት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

እናቴ እሑድ ዕለት ልጇን እስክትጠግብ አውርታ «ታረቀችኝ» አለች። እኔም ወደ ጓዳ ሄጄ አዲሱን የይለፍ ቃል በወረቀት ሰጠኋትና ይቅርታ ጠየቅኋት። ዓረብ አገር እህት አለቻት፤ በድምፅ መልእክት የሚገናኙት በዚያ ዋይፋይ ነበር።

«ምንም አይደል ጋሼ፣ ካርድ እየሞላሁ ስደውልላት ነበር» አለችኝ።

ከዚያችው ደመወዟ ማለት ነው። ስንት እንደጨረሰች ልጠይቃት አፈርኩ።